ያልሰማሁትን ሰማሁ አልልም

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ድካም ነው። በአፌ ማውራቱ ሰልችቶኛል። ባወራሁት ቁጥር ሰው መሀል ላይ ያቋርጠኝና «ታዲያ ስንት ከፈሉሽ?» ይለኛል። ምንም አልከፈሉኝም። ይህን ለማወቅ ብቻ የጀመረ ካለ እዚህ ጋ ወራጅ ይበል። ለቀራችሁት እንደሆነው አድርጌ እነግራችኋለሁ።

ያኔ ጎንደር ማራኪ ሰፈር፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ወረድ ብሎ ካለ አንድ ሱቅ ውስጥ ነበር የምሠራው። ፎቶ ኮፒ እናደርጋለን፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እናትማለን፣ የሞተ ላፕቶፕ እናስነሣለን። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አላለፍኩም። ደግሜ ልፈተን ተመዝግቤ ነበር፤ መንገዱም ትምህርቱም ሲቋረጥ ጊዜ ተውኩት። አንድ ቦታ ተቀምጬ መዋል አልችልም፣ የመጣልኝንም ሳልናገር አላድርም። ደንበኛ «ነገ ይደርሳል?» ሲለኝ «አይደርስም» እላለሁ፤ የሱቁ ባለቤት በዚህ ይናደድብኛል።

በተከራየሁበት ግቢ ሙላት የሚባል የሶፍትዌር ተማሪ አለ። ትምህርቱ ሲቋረጥ ሲቀጠል አራተኛ ዓመት ላይ ቆሞ የቀረ ልጅ ነው። ፕሮግራም መጻፍ ያስለመደኝ እሱ ነው። አንድ ቀን ልብስ እያጠብኩ መጥቶ፣ «ዲግሪ የለሽም። ዲግሪ የማይጠይቁበት አንድ ቦታ ግን አውቃለሁ» አለኝ።

ከርነሉን ማለቱ ነው። ከርነል የኮምፒውተር የውስጠኛው ክፍል ነው፤ እኛ ላይ ላዩን የምንነካካው ሁሉ እሱ ላይ ነው የቆመው። ሙላት የሚያወራው ከርነል ኮዱ ለማንም ክፍት ነው። በየአገሩ ያሉ ሰዎች እያረሙ በኢሜይል ይልካሉ፣ ኃላፊዎቹ አይተው ይቀበላሉ ወይም ይጥላሉ። የማን ልጅ ነሽ፣ የት ተማርሽ የሚል የለም። ለጀማሪ ደግሞ የጽዳት ሥራ አለ።

ጽዳቱ እንዲህ ነው። ጽሑፍን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ የሚገለብጥ ስትርኮፒ የሚሉት አሮጌ ትእዛዝ አለ። ጠርሙሱን ሳያይ ከጀሪካን ዘይት የሚገለብጥ ሰው በሉት። ጠርሙሱ ሞልቶም ማፍሰሱን አይተውም፤ የፈሰሰው ደግሞ አጠገቡ ያለውን ሌላ ነገር ያበላሻል። ክፉ ሰው ይህን ካወቀ ሆን ብሎ አፍስሶ ማሽኑን የራሱ ያደርገዋል። በእሱ ፋንታ ስትርኤስኮፒ የሚባል አዲስ ትእዛዝ መጥቷል። ይሄኛው የዕቃውን መጠን አስቀድመሽ ስትነግሪው አፍ ድረስ ሞልቶ ያቆማል። ሥራው እንግዲህ አሮጌውን እያሰሱ በአዲሱ መተካት ነው። ምስር ከመልቀም አይለይም። ግን ስምሽ እዚያ ይቀመጣል፣ ስምሽን ያየ ሥራ ይሰጥሻል አለ ሙላት። አመንኩት።

ሁለት ሦስት ልኬ ተቀበሉኝ። ቀጥሎ ያወጣሁት ፋይል ሰው ከነካው ብዙ ዘመን የሆነው ነበር። ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ሳጥን አለ፤ ከርነሉ ሳጥኑን የሚያናግርበት ኮድ ነው። ለዓይነ ስውራን የተሠራ ነው። እኔ ለማን እንደተሠራም አላሰብኩም። ስትርኮፒ አለበት፣ ቀየርኩት፣ ኮዱ ያለ ስህተት ወደ ፕሮግራም መገንባቱን አየሁ፣ በሁለት ፎቶ ኮፒ መሀል ላክሁት።

ረቡዕ ዕለት መልስ መጣ። የዚያን ክፍል የሚቆጣጠረው ባሕር ማዶ ያለ ሰው ነው፤ አላውቀውም፤ አጻጻፉ ደረቅ ነው። ሙላት እየተረጎመ አነበበልኝ።

«ማስተካከያው ደህና ይመስላል። ነገር ግን ይህን ሳጥን መሸጥ ከቀረ ቆይቷል፤ የሚጠቀምበት ሰው ስለመኖሩም አላውቅም። ማንም የማይጠቀምበትን ኮድ ከማደስ መሰረዝ ይሻላል። ሳጥኑ ያለው፣ የሞከረ ሰው እስከ ዓርብ ካልመጣ ፋይሉን በሙሉ አወጣዋለሁ።»

«ጥሩ ነው» አልኩ። «አንድ ሥራ ቀነሰልኝ።»

ሙላት ግን ሁሉን ካላየ የማይተኛ ነው። ምን ዓይነት ሳጥን ነው ብሎ ከኢንተርኔት ፎቶውን አወጣ። ግራጫ፣ ወፍራም መዝገበ ቃላት የሚያክል፣ ፊቱ ላይ አንድ የሚዞር የድምፅ መጨመሪያ ያለው። አየሁትና እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሣሁ።

«ይህን አውቀዋለሁ» አልኩት።

የተማርኩት ከጎንደር በስተሰሜን፣ ዳባት ነው። የታሪክ መምህራችን መምህር አለባቸው ዓይነ ስውር ናቸው። ድሮ እዚያ ያስተምር የነበረ አንድ ፈረንጅ ሲሄድ የተወላቸው ነው የሚባል ሳጥን ነበራቸው። በእኛ አገር ከዘጠነኛ ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ፈተናውን በእንግሊዝኛ ራሳቸው ይጽፋሉ፣ ሳጥኑ የጻፉትን ያነብላቸዋል። ድምፁ አፍንጫው የታፈነ ሰው ድምፅ ነው። እኛ «ፈረንጁ» እንለው ነበር፤ መስኮቱ ሥር ቆመን እንደሱ እያወራን እንስቃለን። እኔን ደግሞ ክፍል ውስጥ እግሬን ስለማወዛውዝ «የዝናሽ እግር ወጥቶ ይራመድ፣ ሌላው ይቀመጥ» እያሉ ያስወጡኝ ነበር።

ደወልኩ።

«መምህር፣ ዝናሽ ነኝ። ዳባት ያስተማሩኝ።»

«እግሯ?»

«አዎ፣ እሷው ነኝ።»

«ምነው፣ በደህና?»

«ያ የሚያወራው ሳጥን አሁንም አለ?»

«ልትገዢው ነው?»

«ይሠራል ወይ ነው የምለው።»

«ከእኔ ይሻላል። እኔን ወገቤን ያመኛል፣ እሱን ምንም አያመውም።»

ማለዘብ አልችልበትም። «ሊሰርዙት ነው» አልኳቸው። ሳጥኑን ሳይሆን ኮምፒውተሩ ሳጥኑን የሚያውቅበትን ኮድ እንደሆነ አስረዳሁ።

«ያለኝ ይቀራል አይደል?» አሉ።

«ያለዎት ይቀራል። ኮምፒውተሩ ከሞተና በአዲስ ከተጫነ ግን ሳጥኑን አያውቀውም። ዲዳ ይሆናል።»

«ኮምፒውተሩማ ሞቷል ማለት ይቻላል። በጥፊ ነው የማስነሣው። ትምህርት ቤቱ ሌላ እንሰጥሃለን ብሎኛል። ያለ ሳጥኑ ፈተና ማውጣት አልችልም፣ ዝናሽ። ሰው አስቀምጬ ማስጻፍ ሊሆን ነው። ሰው አስቀምጠሽ ያስጻፍሽው ፈተና ደግሞ በማግስቱ ገበያ ይወጣል። ዳይሬክተሩ ይህን ያውቃል። መጀመሪያ ክፍል ይቀንሱብኛል፣ ቀጥሎ አርፈህ ተቀመጥ ይሉኛል።»

«ሌላ የሚያነብ ፕሮግራም አለ እኮ። ሳጥን የማይፈልግ።»

«አለ። እሱ የሚያወራው ኮምፒውተሩ ተነሥቶ፣ ሁሉ ነገር ደህና ሲሆን ነው። ሲታመም አብሮ ዝም ይላል። ይሄኛው ግን ማሽኑ ሲታመምም ይናገራል። ምን እንደነካው ይነግረኛል፣ ራሴ አስተካክለዋለሁ። ሰው ጠርቼ ‹ምን ይላል እስቲ እይልኝ› አልልም።»

«ነገ እመጣለሁ» አልኳቸው። ሳላስበው ነው ያልኩት።

ፈቃድ ብጠይቀው የሱቁ ባለቤት «ለማን ብለሽ?» አለኝ። ነገሩን ነግሬው ስጨርስ፣ «ስትመለሺ ቦታሽ ላይ ሌላ ሰው ካየሽ እንዳትገረሚ» አለ። እሺ አልኩት።

ሐሙስ በጠዋት ሚኒባስ ያዝኩ። ማስተካከያዬ የገባበትን አዲሱን ከርነል በፍላሽ ይዤአለሁ፣ ላፕቶፔን ታቅፌአለሁ። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ መንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ከፊታችን የጭነት መኪናና ባጃጅ ተደርድሯል። ለምን እንደተዘጋ አልተነገረንም፣ እኛም አልጠየቅንም፤ መጠየቅ ከተውን ቆይተናል። ሾፌሩ መቀመጫውን ለጥጦ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፋ።

አገሩ ወገራ ነው፤ ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ወርጄ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እሄዳለሁ። አጠገቤ ተቀምጠው የነበሩ ጋቢ የለበሱ አዛውንት በመስኮቱ ሲያዩኝ ቆይተው ጠሩኝ።

«ነይ ግቢ ልጄ፣ መንገዱ በአንቺ እግር አይከፈትም። ይሄ የታቀፍሽው ምንድን ነው?»

«ላፕቶፕ ነው፣ አያ።»

«እኔስ እንቁላል መስሎኝ። እንዲህ ተደርጎ የሚታቀፍ እንቁላል ነው። ወዴት ነሽ?»

«ዳባት። ዓይናቸው የማያይ መምህር አሉ፣ የሚያነብላቸውን ዕቃ ልሞክርላቸው ነው።»

«ዕቃው ያወራል?»

«ያወራል።»

«ሸጋ ነው። እኛ ቤት የሚያወራ ጠፍቷል» አሉና ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ለምን እንደጠፋ አልጠየቅኳቸውም። ሰዎችን እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅም ትተናል።

ገመዱ የወረደው ከቀትር በኋላ ነው። ዳባት ስደርስ እግሬ ደንዝዞ ነበር። መምህር አለባቸው ቤታቸው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ፤ ባለቤታቸው እትዬ ስንዱ ሳልቀመጥ እንጀራ በምስር አቀረቡልኝ። መምህር ግን እስክበላ አልታገሡም።

«እየበላሽ ጫኚው» አሉ።

ኮምፒውተሩ በውስጠኛው ክፍል ጠረጴዛ ላይ ነው። ሳጥኑ አጠገቡ ተቀምጧል፣ በጨርቅ ተሸፍኖ። አዲሱን ከርነል ጫንኩና አስነሣሁት። መምህር ወንበራቸውን አስጠግተው ጆሯቸውን ወደ ሳጥኑ አዘነበሉ።

ሳጥኑ ጀመረ። አንድ ነገር አለና ቆመ። ሌላ ጀመረና ቆመ። ደግሞ ጀመረ።

«ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?» አሉ መምህር። «እየጀመረ ይተዋል።»

«ገመዱ ይሆናል።»

ገመዱን ነቅዬ ሰካሁት። መምህር ኪቦርዱን ሳቡና ከድሮ ፈተናቸው አንድ ጥያቄ ጻፉ፤ ስለ መንግሥት አመሠራረት የሆነ ነገር ነው። ሳጥኑ በዚያ በታፈነ አፍንጫው «ገቨርንም» አለና ዝም አለ።

«ገቨርንም» አሉ መምህርም ቀስ ብለው። «መንትን የት አደረሰው?»

አሮጌውን ከርነል መልሼ አስነሣሁ። ሳጥኑ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አነበበው። አዲሱን አስነሣሁ። ገቨርንም። መምህር ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያሉትን ቁጥሮች አያይዘው ጻፉ። ሳጥኑ በእንግሊዝኛ እስከ ሰባት ቆጠረና አቆመ።

«ሁሌም ሰባት ላይ ነው» አሉ። «ይህ ሕመም አይደለም፣ ትእዛዝ ነው። ሰባት ብሎ ያዘዘው ሰው አለ።»

ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ለአዲሱ ትእዛዝ የዕቃውን መጠን መንገር አለብሽ ብያችሁ የለ? እኔ የነገርኩት የዕቃውን መጠን ሳይሆን የዕቃውን አድራሻ የያዘውን ቁራጭ መጠን ነው። ጆንያውን መለካት ሲገባኝ ጆንያው ላይ የታሰረውን ወረቀት ለካሁ። በእንዲህ ዓይነት ማሽን ላይ አድራሻ ሁልጊዜ የስምንት ፊደል ያህል ነው፤ አንዱ ለመዝጊያ ምልክት ይሄዳል፣ ሰባት ይቀራል። በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው በተደጋጋሚ የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። ኮዱ ያለ አንዳች ቅሬታ ተገንብቷል። ማዶ ያለው ሰውዬም አይቶት «ደህና ይመስላል» ብሏል። ሁለታችንም ሳጥኑ የለንም።

እውነቱን ለመናገር ምንም የፈሰሰ ነገር የለም። ጠርሙሱ ደህና ነው፣ ጠረጴዛው ደረቅ ነው። ዘይቱ ብቻ የለም።

«አገኘሁት» አልኳቸው። ላፕቶፔ ላይ አስተካከልኩት፤ ሁሉንም ሳይሆን ያንን አንድ ቁራጭ ብቻ ስለሆነ የምገነባው ብዙ አልፈጀም። ወደ ፍላሽ ገልብጬ ፍላሹን እሳቸው ኮምፒውተር ላይ ሰካሁ። እጄን ሳልመልስ መብራት ሄደ።

ጠበቅን። ሳጥኑም ኮምፒውተሩም ያለ መብራት ግዑዝ ናቸው። ጄኔሬተር ያለው አንድ ሆቴል ነበር፤ እትዬ ስንዱ ሄደው ጠይቀው ነዳጅ የለውም ብለው ተመለሱ። ዳባት ላይ ያኔ የሞባይል ኢንተርኔት አይሠራም፣ የሚሠራው መደወል ብቻ ነው። ለሙላት ደወልኩ። እሱ ጎንደር ነው፣ የካምፓሱን ኢንተርኔት ያገኛል፣ የእኔም ኢሜይል እሱ ላፕቶፕ ላይ ክፍት ነው። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«አስተካከልሽው አይደል?» አለ ሙላት። «በቃ ንገሪኝና ልላከው። መምህሩ ሞክረውታል ብለሽ ስማቸውን አስገቢ።»

በዚያ በኢሜይሉ ዓለም አንድ ልማድ አለ። ማስተካከያውን በእጁ ይዞ የሞከረ ሰው ከሥር ስሙን ያስቀምጣል፤ ሞክሬዋለሁ ማለት ነው። ስሙ ፊርማ ነው። ሰውየው የሚፈልገውም ይህንኑ ነበር።

«አልሞከርነውም» አልኩት። «መብራት ሄዷል።»

«ይሠራል ግን?»

«መሥራት አለበት።»

«ታዲያ ማን ያውቃል? ሳጥኑ ያለው እናንተ ጋ ብቻ ነው።»

«እኔ አውቃለሁ» አሉ መምህር።

ሙላት እንደሚሰሙት አላወቀም ነበር። «ይቅርታ መምህር» አለ። ስልኩን ዘጋሁት።

«ልጁ እውነቱን ነው» አልኳቸው። «ነገ ዓርብ ነው። መብራቱ በዚያው ቢቀርስ? የሰው ስም ካልሄደለት ሰውዬው ፋይሉን ይሰርዘዋል። ሳጥንዎን ያጣሉ።»

«አጣለሁ።»

«ለእርስዎ ብለን ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። የመጀመሪያውን ስትልኪ ሰምተሽው ነበር?»

«አልሰማሁትም።»

«ሰውየው ሰምቶት ነበር?»

«እሱም አልሰማውም።»

«አንቺ ደህና ነው አልሽ፣ እሱ ደህና ይመስላል አለ፣ በሰባት ፊደል ዘጋችሁኝ። አሁን እኔ ሦስተኛ ልሁን? ያልሰማሁትን ሰማሁ አልልም።»

ተናደድኩ። መንገድ ላይ የዋልኩት፣ ሥራዬን ያስያዝኩት ለእሳቸው ነው። «ግትር ነዎት» አልኳቸው።

«ድሮም ግትር ነኝ። አንቺን ያስተማረ ሰው ግትር ካልሆነ ዓመቱን አይዘልቅም።»

እትዬ ስንዱ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። መኝታ ሰጡኝ፣ ተኛሁም አልተኛሁም።

ዓርብ ጠዋትም መብራት የለም። መምህር ዱላቸውን ይዘው ሄደው ሁለት ክፍለ ጊዜ አስተምረው ተመለሱ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። እኔ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል ዋልኩ። እትዬ ስንዱ «ኧረ ልጄ፣ መሬቱን ልታርሺው ነው» አሉኝ። ሙላት ደውሎ «እንዴት ሆነ?» አለኝ። «አልሆነም» አልኩት። ቀትር ላይ ደግሞ ደወለ። አላነሣሁለትም።

አሁን ቢጠይቁኝ በጣም የደከመኝ ያን ሰዓት ነው። አንድ ሰው በገዛ እጁ የሚያጣውን ነገር ቁጭ ብዬ አያለሁ፣ እሱ ደግሞ ደጅ ላይ ተቀምጦ የተማሪ ደብተር በባለቤቱ እያስነበበ ያርማል። «ይሄኛው ልጅ ከመጽሐፉ ነው የገለበጠው» ይላሉ መምህር። እትዬ ስንዱ «እንዴት አወቅህ?» ሲሏቸው «ኮማው ሳይቀር ልክ ነው» ይላሉ። ምንም የሚቸኩል ፊት የላቸውም። ልጮህባቸው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ስትል ጎረቤት ያለው ወፍጮ ተንቀሳቀሰ። ድምፁን ከእኔ በፊት መምህር ሰሙት። ደብተሩን አጠፉና «መጣ» አሉ።

ኮምፒውተሩ በመጀመሪያው አልነሣ አለ። መምህር ጎኑን መቱት፣ ተነሣ። ሳጥኑ መናገር ጀመረ፤ የማሽኑን የመነሻ መልእክት አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው፣ ከዚያ ወደ ሌላው ሄደ። እኔ ቆሜ ነው የምሰማው። መምህር ጥያቄውን ጻፉ። ሳጥኑ «ገቨርንመንት» አለና አልቆመም፤ የጥያቄውን ጅራት ሁሉ አንብቦ ነጥቡ ላይ ነው ያረፈው።

«ሠራ» አልኩ። «ልደውል።»

«ቆይ» አሉ።

አንድ ሙሉ የፈተና ወረቀት አስነበቡት። ሰዓቱ ይሄዳል። «መምህር፣ ሠራ እኮ።» «ቆይ አልኩሽ።» እንደገና አጥፍተው አስነሡት። በጣም ረጅም፣ ነጥብ የሌለው አንድ አረፍተ ነገር ጻፉ፣ እሱንም ሰሙት። ከዚያ እጃቸውን ከኪቦርዱ ላይ አነሡ።

«አሁን ሰምቻለሁ» አሉ።

ኢንተርኔት ስለሌለ ማስተካከያውን ለሙላት በስልክ መንገር ነበረብኝ፣ መስመር በመስመር። ኮድን በስልክ የነገረ ሰው ካለ ያዝንልኛል።

«ቅንፍ ክፈት። አሁን ኮማ። ቀጥሎ መጠኑ፣ ያኛው የሚዋሸው ሳይሆን እውነተኛው። ቅንፍ ዝጋ። አዲስ መስመር፣ ታብ።»

«ስንት ስፔስ?»

«ስፔስ አይደለም፣ ታብ ነው።»

«ያው ነው።»

«ያው አይደለም። ባዶ ቦታቸው ለዓይን ቢመሳሰልም ምልክታቸው ይለያያል። ሰዎቹ ስፔስ አይቀበሉም፣ ታብ ነው ደንባቸው።»

«እሺ፣ አትጩኺ።»

«አልጮህኩም፣ ኔትወርኩ ነው።»

መስመሩ እየተቆረጠ፣ እየደወልኩ፣ እየደወለ ጨረስን። ከዚያ ስልኩን መምህር ተቀበሉኝና በእንግሊዝኛ የራሳቸውን አስጻፉት፣ ክፍል ውስጥ እንደሚያስጽፉ ቀስ እያሉ። «ይህን ሳጥን በየቀኑ እጠቀምበታለሁ። ለተማሪዎቼ ፈተና የማወጣው በእሱ ነው። የመጀመሪያው ማስተካከያ ከሰባት ፊደል በኋላ ይቆርጥ ነበር። ይሄኛው አይቆርጥም። ሁለቱንም በጆሮዬ ሰምቻለሁ።» ከሥሩ ስማቸውን ከነአባታቸው።

ሙላት ላከው። ማዶ ገና ቀትር ነው ብሎ አጽናናኝ። ብዙም ሳይቆይ ደወለ።

«መልሶታል» አለ።

«ምን ብሎ?»

«ታቡ ስፔስ ሆኗል። እንደገና ላኩ ይላል።»

ሙላት ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልሰደብኩትም። ሁለታችንም ጉልበት አልነበረንም። አስተካክሎ ላከው። መምህር በሩ ላይ ቆመው ስልኬን ይጠብቃሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣታቸው በዱላቸው ራስ ላይ ሲመታ አየሁ። ያኔ ነው እሳቸውም ሲፈሩ እንደዋሉ የገባኝ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሙላት ደወለና ሳይሰላለም አነበበ።

«ሳጥኑ ሰው እንዳለው አላውቅም ነበር። መሰረዙን ትቼዋለሁ። ማስተካከያው ገብቷል። የመጀመሪያውን ስህተት ሳልይዘው ያለፍኩት እኔም ነኝ። መምህሩን አመስግኑልኝ፤ ሌላ የሚቆረጥ ነገር ከሰሙ ይጻፉልኝ።»

«ይጻፉልኝ ነው ያለው?» አሉ መምህር።

«አዎ።»

«እሺ» አሉ። ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡ፣ ወንበራቸውን ሳቡ፣ እኔም ተከትዬ ስገባ ዞሩብኝ። «አሁን ውጪልኝ። የአጋማሽ ፈተና ልጽፍ ነው።»

ወጣሁ። በሩን ከውስጥ ሲቀረቅሩት ሰማሁ፤ ከዚያ ያ የታፈነ ድምፅ፣ ዝቅ ብሎ፣ የሚለው እንዳይሰማኝ ተደርጎ።

ጎንደር ስመለስ ሱቁ ውስጥ እኔ ቦታ ላይ አንዲት ልጅ ተቀምጣለች። ደንበኛ «ነገ ይደርሳል?» ሲላት «ይደርሳል» ስትል ሰማኋት። አሁን አዘዞ ሌላ ሱቅ ነው የምሠራው፤ ሩቅ ነው፣ የሚኒባሱ ሰልፍ ያደክመኛል። ስሜን ከርነሉ ውስጥ አይቶ ሥራ የሰጠኝ ሰው እስካሁን የለም። ሙላት ይመጣል ይላል። እኔ አልጠብቅም።

ጽዳቱን ግን አልተውኩም፣ ሲያሰኘኝ እሠራለሁ። አሠራሬ ነው የተለወጠው። ፋይሉን ከመንካቴ በፊት «ይህን የሚጠቀምበት አለ?» ብዬ እጽፋለሁ። ብዙ ጊዜ መልስ አይመጣም። ሌሎቹ በዚህ ጊዜ «የለም ማለት ነው» ብለው ያልፋሉ። እኔ ከዚያች ዓርብ ወዲህ ያን ማለት አቃተኝ። የማስተካክለውንም አይቶ ሰው «ደህና ይመስላል» ሲለኝ «ሞክረኸዋል?» እለዋለሁ፤ በዚህም ሁለት ሰው አኩርፎኛል። ሱቅ ውስጥም፣ ቤት ውስጥም ያው ሆኛለሁ። አንዳንዴ ለራሴም ይሰለቸኛል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ኮድ አትጽፉም ይሆናል። መንገድ የምትዘጉ፣ አውቶቡስ የምታስቀሩ፣ ክፍል የምታጥፉ፣ መድኃኒት ከመደርደሪያ የምታወርዱ ግን ከመካከላችሁ አትጠፉም። «ማንም አይጠቀምበትም» ስትሉ ማንን እንደጠየቃችሁ አስቡ። መምህር አለባቸው በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ኢሜይል ለማንም ጽፈው አያውቁም፤ የጠየቃቸው አልነበረም፣ እሳቸውም ሳጥኑ እየሠራ ስለምን ይጽፋሉ? ዝም ያለ ሁሉ የለም ማለት አይደለም። መብራት ጠፍቶበት ሊሆን ይችላል።